የሚዞር ግማሽ ወፍጮ

ዳባት ገበያ ዳር ያደገ ሰው ሲያወራ ይጮኻል ይባላል፤ የጠይብ ወፍጮ ቤት ሞተር ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጠው ነበርና። የጠይብ ልጅ ኢክላስ ግን ከሰፈርተኛው ሁሉ ትብሳለች። ከደጃፏ ሆና ልጆቿን ስትጣራ መናኸሪያ የቆመ ሾፌር ዞር ይላል።

እናቷ «ይችን ልጅ ያሳደጋት ወፍጮው ነው፤ እኔ ወልጄ ሰጠሁት እንጂ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ኢክላስ ዳዴ ያለችው በጆንያ መሀል ነው። እኅቶቿ የአክስቶቻቸውን ዱካ ተከትለው የጨርቅና የቅመም ንግድ ሲለምዱ፣ እሷ መሮና መዶሻ ይዛ ከአባቷ ጎን ቁጢጥ ትል ነበር። የወፍጮ ድንጋይ ሲሠራ ከርሞ ፊቱ ይለሰልሳል፤ ያኔ ካልተወቀረ እህሉን ይደፈጥጠዋል እንጂ አይፈጨውም። ጥርሱን እንደገና ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ዓይንም ይጠይቃል። ኢክላስ ሁለቱም ነበራት፤ ያልነበራት ነገር ቢኖር ዝምታ ነው።

ጠይብ ዕድሜያቸው ሲገፋ ጆሯቸው ከዳቸው። ሞተሩ እያጓራ «ተነሣ እንዴ?» ብለው እስከመጠየቅ ደረሱ። አንድ ቀን ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ሊበጠስ ሲንጫረር ሳይሰሙ አጠገቡ ቆመው ተገኙ። ኢክላስ ሮጣ በትከሻዋ ገፍትራ ባታወጣቸው ኖሮ ፊታቸውን ይገርፋቸው ነበር። በማግሥቱ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ከዛሬ ጀምሮ ባለወፍጮዋ አንቺ ነሽ፤ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሰው እቀበላለሁ» አሏት።

«ሴት ታስፈጫለች እንጂ ወፍጮ ታስነሣለች?» ያለ ገበያተኛ አልጠፋም። ኢክላስ የሞተሩን እጀታ ጨብጣ አዞረችውና አስነሣችው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ያለውን የሰማ የለም፤ ሞተሩ ነበር የሚናገረው።

ዓመታት ሄዱ። አነስ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር አገባች፤ ከደባርቅ ቁልቁል እስከ ዛሪማ እህል የሚያመላልስ ቀልደኛ ሰው። ልጆች ወለዱ፣ ወፍጮውም ቤቱን አኖረ። ኋላ ጊዜው ከፋ። ጦርነቱ አለፈ ሲባል ናፍጣውም አብሮ አለፈ። በርሜል ጭኖ ጎንደር ድረስ ወርዶ መሰለፍ፣ ተሰልፎም ባዶ መመለስ የተለመደ ሆነ። መብራቱ እንደሆነ እንደ እንግዳ ነው፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል።

«ለመኪናዬ ያጣሁትን ናፍጣ ለወፍጮሽ ከየት ላምጣ?» አላት አነስ አንድ ቀን፣ ባዶውን በርሜል ከመኪናው እያንከባለለ።

በዚያው ሰሞን የትናየት የምትባል ገበሬ አህያዋ ላይ ገብስ ጭና መጣች። አገሯ ወይናት ነው፤ ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲወጣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ተዳፋት ሥር የተለጠፈ መንደር። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን እያሳረሰች ልጆቿን የምታሳድግ፣ ነገር የማይጠፋባት ሴት ናት። ወፍጮው ቆሞ ስታገኘው ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ጆንያውን ሳታወርድ ቆመችና፣

«እታለም ኢክላስ፣ ይኸ ገብስ እኮ ከእኔ ይልቅ መንገዱን አወቀው» አለች።

ኢክላስ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ኀፍረት ያዛት። «እናንተ አገር ናፍጣ ሳይመጣ በምን ነበር የምትፈጩት?» ብላ ጠየቀች።

«ታች ወንዙ ላይ የውኃ ወፍጮ ነበረ። ሞተሩ ሲመጣ ተተወ እንጂ ቦዩ አሁንም አለ። ድንጋዩም ተሰብሮ ሣር ውስጥ ወድቋል።»

«ወንዙስ?»

«ወይራ ውኃ? አለ እንጂ! ወዴት ይሄዳል ብለሽ?»

ኢክላስ በሩን ቆልፋ የየትናየትን አህያ ተከትላ ሄደች።

መስከረም ነበር፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። በመስከረም የማያምር ወንዝ የለም። ወይራ ውኃ ከድንጋዩ ጫፍ ተወርውሮ ሲወርድ አረፋው ልብስ ያርሳል። የአሮጌው ወፍጮ ግድግዳ እስከ ወገብ ቆሟል፣ ቦዩም አፈር ሞላው እንጂ አልፈረሰም። ኢክላስ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባችና ግፊቱን በእግሯ ለካችው። ሊጥላት ምንም አልቀረው። የወይናትን ሰዎች «በበጋ ይደርቃል?» ብላ ጠየቀች። «ይቀንሳል እንጂ አይደርቅም» አሏት። አልዋሹም። ከብት ለማጠጣት ይበቃል አይበቃም ብለው ያውቁታል እንጂ ለድንጋይ ማዞሪያ መዝነውት አያውቁም።

የሠርግ ወርቋን ሸጠች። ከቀበሌው ቦታውን በስሟ አስፈቀደች፤ ጎንደር ያለ ብረት በያጅ የውኃውን መዘውር ሠራላት፤ አነስ በአይሱዙው አመጣው። የትናየትና ጎረቤቶቿ ቦዩን ጠረጉ፤ የዳባቱ ድንጋይም ተነቅሎ ወደ ወይናት ተጫነ። ኅዳር ላይ ውኃው ሲለቀቅ መዘውሩ መጀመሪያ አቃሰተ፣ ቀጥሎ ዞረ፣ ከዚያ እየፈጠነ ሄደ። ዱቄቱ ቋቱ ውስጥ እንደ ጉም ወረደ። ኢክላስ እየፈጨች ሰው ለማናገር ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልጋት በዕድሜዋ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጠይብ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡና መዳፋቸውን የድንጋዩ ሣጥን ላይ አሳረፉ። ከሞተሩም ከውኃውም የሚሰሙት የለም፤ በእጃቸው አዳመጡት።

«አልሐምዱ ሊላህ፤ ይዞራል» አሉ።

ዞረ። ገና እስኪያልፍ፣ ጥምቀት እስኪደርስ ዞረ። ከዚያ ውኃው ሳሳ። ዱቄቱ መጀመሪያ ሻከረ፣ ኋላም ከዱቄት ይልቅ ክክ መሰለ። ጥር ሳይወጣ፣ ሰው ጆንያ ይዞ በተሰለፈበት ቀን፣ ድንጋዩ እንደ ደከመው በሬ ቆመ። ኢክላስ ቦዩን ወጥታ አየችው። ከውስጡ የሚያልፈው ውኃ የእንስራ አንገት አያክልም።

«እኛማ ብለን ነበር» አለ አንዱ አህያውን መልሶ እየጫነ። «ሴት የሠራችው ወፍጮ ሲዘንብ ብቻ ነው የሚሠራው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ኢክላስ ይህን ሰው ቁልቁል እስከ ዳባት በነገር ትሸኘው ነበር። የዚያን ቀን ግን ጊዜ አልነበራትም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና የትናየትን ጠራቻት።

«ይኸ ውኃ ከየት ነው የሚመጣው? ወስደሽ አሳዪኝ።»

ሽቅብ ወጡ። ኢክላስ ተዳፋቱን ከአስፋልት ሆና እንጂ ቀርባ አይታው አታውቅም። ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው ሁሉ ቀርበው ሲያዩት ድንጋይ ነው። ከብት የረገጠው መሬት እንደ አውድማ ጠጥሯል፤ ክረምት የቀደደው ቦረቦር ሰው ያቆማል። በየመሀሉ በዘመቻ የተሠራ እርከን ነበረ፤ ግማሹ ተደርምሷል፣ ግማሹ የከብት መንገድ ሆኗል። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ግን ጥላ አገኙ። ቀጥ ቀጥ ያሉ ባሕር ዛፎች ዙሪያውን ከበውታል፤ ከሥራቸው ጭቃ ውስጥ ላሞች ቆመው ይጠጣሉ። አንድ ሽማግሌ ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አያ ደምለው ናቸው፤ የባሕር ዛፉ ባለቤት፣ በወይናት ነገር ሲከር የሚፈቱት እሳቸው።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ደምለው» አለች ኢክላስ።

«ይመስገነው፤ እንዴት ዋልሽ፣ የጠይብ ልጅ። ወፍጮሽ ቆመ አሉኝ።»

«አዎ፣ ቆመ። ምክንያቱን ልፈልግ ነው የወጣሁት።»

«አገኘሽው?»

ኢክላስ ቀና ብላ ዛፎቹን አየች። «ጥላው ሥር የቆምኩ መሰለኝ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቀስ ብለው ተናገሩ። «ስሚኝማ ልጄ። የቢሮ ሠራተኛ ሲያረጅ መንግሥት ይጦረዋል። ገበሬን የሚጦረው ይኸ ዛፍ ነው። ልጆቼን ድሬበታለሁ፤ ቤቴን ቆርቆሮ አልብሼበታለሁ። አሁን ያንቺ ድንጋይ እንዲዞር የእኔ ጡረታ ይቆረጥ ነው የምትይኝ?»

  ሽማግሌው ያሉት እውነት ነበረ፤ እውነትን ደግሞ በጩኸት አይረቱትም።

በማግሥቱ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ገባች። ያርጋል የሚባል የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ አገኘች፤ ቦት ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የማያጣው ወጣት። የወይናትን ስም ስትጠራ ፊቱ ጨፈገገ።

«ያንን እርከን ያሠራነው እኛ ነን» አላት። «ሕዝቡ ወጣ፣ ቆፈረ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ወረድን። በሳምንቱ ከብቱ ገባበት። ባለቤት የሌለው ሥራ ነው፣ ኢክላስ። ከዚያ ወዲህ እዚያ መንደር ለመሄድ እንኳ ዓይን የለኝም።»

«ባለቤት ብታገኝለትስ?»

ያርጋል ወንበር ሳበላት። ተዳፋቱ ከከብት ከተከለለ ሣሩ እንደሚመለስ፣ ሣሩ ከተመለሰ ዝናቡ ሮጦ ከመውረድ ይልቅ መሬት ውስጥ እንደሚሰርግ፣ የሰረገውም በበጋ በምንጩ እንደሚወጣ እያስረዳ ብዙ ቆየ። ቦረቦሩ ላይ የድንጋይ ክትር ያስፈልጋል። ምንጩ ዙሪያም እንደ ወይራና ኮሶ ያለ ያገር ዛፍ ነው የሚተከለው።

«ባሕር ዛፉስ?»

«ባሕር ዛፍ ጠላት አይደለም፤ ቦታውን ስቶ ነው ውኃውን የሚጠጣው። ከምንጩ ርቆ ጫፉ ላይ ቢሆን ማንንም አይጎዳም።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«ሣሩ በአንድ ክረምት ይመለሳል። ውኃው ግን የራሱ ቀጠሮ አለው።»

ኢክላስ ይህን ሁሉ ይዛ ወደ የትናየት ተመለሰች። የትናየት ሰማችና ራሷን ነቀነቀች። «አያ ደምለው በወሬ አያምኑም። ካዩ ግን አይክዱም። ወንድሜ ላይ ጨነቅ በሚባለው ተራራ ለፈረንጅ ጎብኚዎች በቅሎ ይጭናል፤ እዚያ ከብት የማይገባበት የጓሳ ሣር አለ፣ በየካቲትም ውኃ ያመነጫል ይላል። ለምን ወስደን አናሳያቸውም?»

አነስ አንድ ሙሉ ቀን መኪናውን ሰጠ። አያ ደምለውን ጋቢና አስቀመጠ፤ ሌሎቹ የወይናት ሽማግሎች፣ ያርጋልና ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ተጫኑ። ደባርቅን አልፈው ዳገቱን ሲያያዙት ብርዱ አጥንት ይገባ ጀመር። አነስ መንገዱን በሙሉ ስለ ዛሪማ ሙቀት እያወራ ሽማግሌውን አሳቃቸው።

ጨነቅ ሲደርሱ የየትናየት ወንድም ተቀብሎ አንድ ሸንተረር ላይ አወጣቸው። በአንድ ወገን ጓሳው ጉልበት ድረስ ደርሷል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣሩን ይነጫሉ። በሌላው ወገን ከብት የዋለበት መሬት አለ፣ ሲረግጡት አቧራ ያስነሣል። አያ ደምለው ዱላቸውን አስቀመጡና ጓሳው ላይ ተንበረከኩ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ገልጠው ከሥሩ ጥቁር አፈር ዘገኑ። ሲጨምቁት በጣታቸው መሀል ውኃ ተንጠባጠበ። ከብቱ ወደዋለበት ተሻግረው ከዚያም ዘገኑ። ነፋስ ከእጃቸው ወሰደው። እንደገና ወደ ጓሳው ተመለሱ፣ እንደገና ጨመቁ።  

ሲመለሱ ደባርቅ ላይ አያ ደምለው ከመኪናው ወርደው ወገባቸውን ሲያፍታቱ ነው ለኢክላስ ብቻ የተናገሩት።

«ወይራ ውኃ የተባለው ለምን ይመስልሻል? ልጅ ሳለሁ ከምንጩ እስከ ታች ወይራ ነበረ። እኛ ነን ከሰል ያደረግነው።»

ኢክላስ ቤቷ ገብታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። የድንጋዩ ጌታ እሳቸው ናቸው፤ ሳይፈቅዱ ምንም አታደርግም። ወደ ጆሯቸው ተጠግታ ያሰበችውን ነገረቻቸው። ጎረቤትም አብሮ ሰማ።

«የወፍጮውን ግማሽ?» አለ አነስ ካለበት ብድግ ብሎ። «ወርቅሽን ሸጠሽ የሠራሽውን?»

«የቆመ ሙሉ ወፍጮ ታቅፌ ከምቀመጥ የሚዞር ግማሽ ይሻለኛል» አለች። «እነሱ ከብታቸውን ከግጦሽ ሊያስወጡ፣ ዛፋቸውን ሊቆርጡ ነው የምንጠይቃቸው። ለእኔ ድንጋይ ብለው ለምን? የራሳቸው ከሆነ ግን ይጠብቁታል።»

ጠይብ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡበት። «ግማሹ የሰው ከሆነ ሲበላሽም ግማሹ የሰው ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሲበላሽ ብቻዬን ነበር የምጠግነው። አድርጊው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ጥድ ሥር የወይናት ሰው ተሰበሰበ። ኢክላስ ቆማ ተናገረች፤ ያን ዕለት ድምፅዋ ጠቀማት፣ ከኋላ የቆመው ሁሉ ሰማት። የወፍጮው ግማሽ ተዳፋቱን ለሚጠብቀው ማኅበር ይሆናል አለች። ጉምጉምታ ተነሣ። «ነጋዴ በነፃ አይሰጥም፤ ከኋላው ምን አለ?» ያለም ነበር። «ከኋላው ውኃ አለ» አለችው። ሰው ሳቀ።

አያ ደምለው ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ምንጩን የከበቡትን ዛፎች እቆርጣለሁ። ጉቶውንም እነቅላለሁ፤ ባሕር ዛፍ ቆርጠው ከተዉት እንደገና ያቆጠቁጣል። ይኸ ልጅ ግን» ብለው ወደ ያርጋል ጠቆሙ፣ «ጫፉ ላይ ሌላ እንድተክል ቦታ ይለካልኛል። ጡረታዬን አዛውራለሁ እንጂ አልተውም።» ያርጋል እዚያው ተስማማ። ቄሰ ገበዙም ከቅጥሩ ውስጥ ካሉት ወይራዎች ዘር እንዲለቀም ፈቀዱ። ሕግ ወጣ፤ ከብት አይገባም፣ ሣሩ በማጭድ ታጭዶ ቤት ይወሰዳል፣ ሕጉን የጣሰ ለክትሩ ድንጋይ ይሸከማል።

የሥራ ቀን ማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነበር። የሚካኤልና የማርያም ቀን አፈር አይነካም፣ ቅዳሜና እሑድ የሰንበት ነው፣ ዓርብ ኢክላስና ከዳባት የሚመጡት ዘመዶቿ ለጁምዓ ይሄዳሉ። «እግዜርም አላህም ማክሰኞን ለእርከን ነው የተዉልን» ትል ነበር የትናየት። ከብት ቢታረድ አንዱ ወገን አይበላውምና የሁሉም ምሳ ንፍሮ ሆነ፤ ባቄላው ከየትናየት ቤት፣ ስንዴው ከኢክላስ። ሰኔ እስኪገባ ቦረቦሩ ላይ ክትሮቹ ቆመው፣ ምንጩ ዙሪያ ችግኞቹ ተተከሉ። ያርጋል በየሳምንቱ ይመጣል፤ ፎቶ ማንሣቱን ግን ትቶታል።

ሣሩ እንደተባለው በአንድ ክረምት ተመለሰ። ወፍጮውም ተነሣ። ችግር የመጣው ማንም ካላሰበው በኩል ነው። ከየመንደሩ ሊያስፈጭ የሚመጣው ሰው ጆንያውን አራግፎ አህያውን ይለቃል። አህያ ደግሞ ለምለም ሣር አይቶ ሕግ አያነብም። አንድ ቀን ወረፋው በረዘመበት ሰዓት አያ ደምለው ስድስት አህያ እየነዱ ከላይ ወረዱ። 

«ኢክላስ! ሕጉ ለእኛ በሬ ብቻ ነው? የገዛ ችግኜን ከአህያ አፍ ነው ያወጣሁት!»

ወረፋ የያዙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ኢክላስ ወደ ቦዩ ሄዳ መዝጊያውን ጣለች። ውኃው ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ ድንጋዩ እያዘገመ ቆመ።

«አይ፣ አይ! እኔ ጥዬ የመጣሁት ልጅ አለ!» አለ አንዱ።

«ገበያው ይበተንብናል!» አለ ሌላው።

«አህያ ያስገባ ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ክትሩ ይወጣል» አለች ኢክላስ። «እኔም አብሬ እሸከማለሁ፤ በረት ሳላበጅ የጠራኋችሁ እኔ ነኝ። ያ ሳይሆን ይህ ድንጋይ አይዞርም።»

አንድ ሁለት ሰው ጆንያውን ይዞ እያጉረመረመ ሄደ። ሌላው ግን ቆየ። ኢክላስ ከሁሉ የከበደውን ድንጋይ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከፊት ወጣች፤ እየተሸከመች ትጮኻለች፣ ትቀልዳለች፣ የሚያርፈውን በስሙ ትጠራዋለች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ያጉረመርም የነበረው ሁሉ ይስቅ ነበር። አያ ደምለው ከላይ ሆነው ድንጋዩ የት የት እንደሚቀመጥ ያሳዩ ነበር። ሲወርዱ ወፍጮው ተነሣ። በዚያው ሳምንት ከወፍጮው ጎን የአህያ በረት ተሠራ፤ የትናየትም ከተዳፋቱ የታጨደ ሣር እያመጣች ለባለ አህዮቹ ትሸጥ ጀመር። ወዲያው ብልጽግናዋ ታየ፤ የልጆቿ ጫማ አዲስ ሆነ።

የሚቀጥለው ነሐሴ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ አንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ኢክላስ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነበረች። ወንዙ ሲያጓራ ስትሰማ ያለፈው ክረምት ጎርፍ ትዝ አላት፤ ያኔ ቦዩን በሙሉ አፈር ሞልቶት ነበር። ሮጣ ወጣች። ሁለት ክትር ተደርምሶ ድንጋዩ ቦዩ አፍ ላይ ተከምሯል። ከላይ ግን ሰው ይመጣል፤ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ጆንያ እንደ ገሳ ደርቦ፣ አያ ደምለውን ከፊት አስቀድሞ። ማንም አልጠራቸውም። እስኪመሽ ቆፈሩ። የትናየት ጭቃው ውስጥ ጉልበቷ ድረስ ገብታ «እታለም፣ ግማሹ የእኔ ነው፤ ምነው ወደ እኔ ወገን ጭቃውን ትወረውሪያለሽ?» ስትል ኢክላስ ሳቀችና አካፋው ከእጇ ወደቀ። የተደረመሱት ሁለት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ክትሮች አፈሩን ይዘው ቆመዋል፤ የወንዙም ቅላት በማግሥቱ ሲያዩት ከወትሮው ያነሰ ነበር።

ዘንድሮ ጥር አልፎ ወፍጮው ዞረ። የካቲት ዞረ። መጋቢት ላይ ዝግ አለ እንጂ አልቆመም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ለጥቂት ሳምንት ቆመ፤ ኢክላስ ያን ጊዜ ድንጋዩን ገልብጣ እየወቀረች አሳለፈችው። ዝናቡ ሲመለስ ከዛሪማ አቅጣጫና ከደባርቅ ዙሪያ ሰዎች ወፍጮውን ሊያዩ መጡ። ያርጋል ያስጎበኛቸዋል፤ ኢክላስ ደግሞ ሲሳሳት ታርመዋለች፣ ስትሳሳት ያርማታል።

ባለፈው ማክሰኞ ማኅበሩ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰበ። አያ ደምለው ሐሳብ አላቸው።

«ወረፋው በዛ። ሁለተኛ ድንጋይ ይጨመር። ዕድሜዬ ሳያልፍ ሁለት ድንጋይ ሲዞር ልይ።»

ሰው «ልክ ነው» እያለ ጨበጨበ። ኢክላስ ብቻ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«አይሆንም፣ አያ ደምለው።»

«ለምን? ገንዘብ ነው?»

«ገንዘብ አይደለም። ውኃው ገና ለአንዱ ነው የበቃው፤ ለእሱም ሚያዝያ ላይ አጥሯል። መጀመሪያ በስተ ምዕራብ ያለውን ተዳፋት እንከልል። ወይራው ሰው ይከል። ከዚያ ኢንሻአላህ ድንጋዩን እኔ ራሴ እወቅርልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «ወይራ ሰው እስኪያክል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ፣ የጠይብ ልጅ?»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ጠንከር ይበሉ።»

አያ ደምለው ዱላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ያርጋል ገመዱን ይዞ ቀድሞ ተነሣ፤ በስተ ምዕራብ ያለውን ተዳፋት የት ጀምሮ የት ድረስ እንደሚከለል ሊለካ። ግማሹ ሰው ተከተለው። ኢክላስ ወደ ቦዩ ሄዳ መዝጊያውን አነሣች። ውኃው መዘውሩን መታው፤ ወረፋ የያዘችው የመጀመሪያዋ ሴት ጆንያዋን ፈታች።